አዲስ ሐኪም የት ይሥራ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቅርቡ ከሕክምና ትምህርት ቤት ለወጡና ለመውጣት ለተቃረቡ ሐኪሞች የተሰናዳ ነው፤ ልጃቸውን ለዚህ ያበቁ ወላጆችም ቢያዳምጡት ደስ ይለናል። ዓመታት ተምሮ፣ የኢንተርንሺፕን እንቅልፍ አልባ ሌሊቶች አልፎ፣ የሙያ ፈቃዱን በእጁ ያስገባ ወጣት መጀመሪያ የሚገጥመው ትልቅ ጥያቄ «የት ልሥራ?» የሚል ነው። ቤተሰብም ጓደኛም ለዚህ ጥያቄ ቶሎ የሚሰጡት መልስ የከተማ ስም ነው። አዲስ አበባ ከተገኘ ተመስገን፤ ካልተገኘ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ጀማሪ ሐኪም የመጀመሪያ የሥራ ቦታውን ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው አብረውት የሚሠሩትን ሰዎች ነው እላለሁ። የከተማው ስፋት፣ የመንገዱ ርቀት፣ የደመወዙም መጠን ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ለምን እንዲህ እንደምል በማስረጃ ላሳያችሁ፤ የሚነሱብኝን ጥያቄዎችም ሳልሸሽ ለመመለስ እሞክራለሁ።

መነሻ የሚሆነን የአገራችን የጤና አደረጃጀት ነው። በታችኛው እርከን ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው የሚያገለግል ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚሠሩት እዚያ ነው። ከፍ ሲል በገጠር ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው ታስቦ የሚቋቋም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይመጣል። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የተወጠነ ነው። ቁጥሮቹ የዕቅድ ናቸው፤ በተግባር አንዱ የሌላውን ጫና ተሸክሞ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ቢሆንም ጠቅላላ ሐኪሙ ሥራ የሚጀምርበት እርከን ወደፊት ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚሆን በእጅጉ ይወስናል። በትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ከባዱ በሽተኛ የሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም) እና የስፔሻሊስቱ ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ ድንገተኛ ወይም ተመላላሽ ክፍል ተቀምጦ ታሪክ ይወስዳል፣ ምርመራ ያዛል፣ በሽተኛውን ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል። ትልልቅ ሐኪሞችን በቅርብ ያያል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን በአብዛኛው የእሱ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነገሩ ይገለበጣል። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን፣ ስኳሩ አልወርድ ያለ አዛውንት፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት፣ የደም ግፊቷ የናረ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣሉ፤ የሚወስነውም እሱ ነው። አጠቃላይ ሆስፒታሉ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ጥቂት ስፔሻሊስቶች አሉት፤ ሬዚደንት ግን በአብዛኛው የለውም። ስለዚህ ጠቅላላ ሐኪሙ ራሱ ይወስናል፤ ሲቸግረው የሚጠይቀውን ሰው ደግሞ በዚያው ግቢ ያገኛል። ለብዙዎቹ ጀማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የምመርጥላቸው እንዲህ ያለውን ሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልም ቢሆን ጠንካራ ቡድን ካለው ከዚህ አይተናነስም።

ለምን ቢባል፣ ሙያ የሚበስለው ኃላፊነትና እርማት ሲገናኙ ነው። ኃላፊነት ሳይኖርበት እርማት ብቻ ያገኘ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሌላ ሰው እስኪወስንለት ይጠብቃል። እርማት ሳያገኝ ኃላፊነት ብቻ የተሸከመ ደግሞ የተሳሳተውን እየደጋገመ «ልምድ አለኝ» ማለት ይጀምራል፤ ይህኛው ለበሽተኛውም ለራሱም የባሰ አደጋ ነው። ገጠር መውጣት በራሱ ሐኪምን ያጎብዛል ሲባል በብዛት ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብቻውን የተጣለ ወጣት በስድስት ወር ውስጥ የሚማረው በሽተኛን ሪፈር ማድረግና ከስህተት መሸሽ ነው፤ መሸሽ የለመደ ሐኪምን ኋላ ላይ ደፋር ማድረግ ከባድ ነው። የሚያጎብዘው ቦታ የሚባለው በሽተኛው በርከት ያለ፣ የሚያርም ሰው ያለበትና የታዘዘው ነገር በአብዛኛው የሚገኝበት ነው። እንዲህ ያለ ሆስፒታል በዞን ከተማ ሊገኝ ይችላል፤ በአስፋልት ዳር ካለች የወረዳ ከተማም ሊገኝ ይችላል፤ አዲስ አበባም ውስጥ ሊታጣ ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ታሪክ ውስጥ መሠረት አለው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የአገሪቱ ሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። ኮሌጁ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎም በደንቢያ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ ያደረገው ነገር ዛሬም ትምህርት የሚሆን ነው። የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሱንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያውን ጎን ለጎን አሠለጠነ፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወጥተው በተግባር ይለማመዱ ነበር። ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጡ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውቀዋል፤ ማን ምን እንደሚችል፣ ለምን ጉዳይ ማንን መጥራት እንደሚገባ አብረው ተምረውታል። ዛሬ ተመራቂ ሐኪም የሚቀጠረው ለብቻው ነው፤ ቡድኑን የሚያገኘው ከደረሰ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም አያገኘውም። እንግዲህ መንግሥት በቡድን ካልላከው ሐኪሙ ራሱ ቡድን ያለበትን ቦታ ፈልጎ መሄድ ይኖርበታል ማለት ነው።

ቡድን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ሌሊት ላሳያችሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ምጥ የጀመራት ትናንት ጠዋት የሆነ እናት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት በአምቡላንስ ደረሰች። አዋላጅ ነርሷ የምጡን ሂደት የሚያሳየውን ፓርቶግራፍ ታሳያለች፤ የማኅፀን በር መከፈቱን ካቆመ ሰዓታት አልፈዋል፣ የፅንሱ የልብ ምትም እየወረደ ነው። ተረኛው ሐኪም ምን መደረግ እንዳለበት ከትምህርቱ ያውቃል፤ ሕፃኑ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ግን በእሱ ዕውቀት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ስፔሻሊስት፣ ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥልጠና የወሰደ ጤና መኮንን በከተማው አለ? የሰመመን ባለሙያው ሲደወልለት ያነሳል? መብራት ቢሄድ ጀነሬተሩ ናፍጣ አለው? ኦክስጅኑ አላለቀም? ከደም ባንክ የመጣ ደም ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል? ሕፃኑ ሳያለቅስ ቢወጣ የትንፋሽ መርጃውን አምቡ ባግ ይዞ የሚጠብቅ ነርስ አለ? የእነዚህ ሁሉ መልስ «አዎ» ከሆነ እናትና ልጅ የመትረፍ ተስፋቸው ሰፊ ነው፤ ወጣቱም ሐኪም ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ከማንኛውም መጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ይማራል። አንዷ ከጎደለች እናትየዋ ተመልሳ አምቡላንስ ላይ ትጫናለች፤ ሐኪሙም ሌላ የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። ሐኪሙ ያው ነው፤ ዕውቀቱም ያው ነው።

የዚህን ክብደት በቁጥር ለመረዳት በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን የአገራችንን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መመልከት ይበቃል። በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከመቶ 21 ደርሰዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ወሊድ ወደ ከመቶ 10 እስኪጠጋ ድረስ ሲጨምር የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሞቱ መቀነስ አብሮ አይታይም። ከመቶ 2 ማለት ቀዶ ሕክምና ማግኘት ሲገባቸው ያላገኙ ብዙ እናቶች ነበሩ ማለት ነው። ባለሙያው የት ተሰብስቦ እንደሚገኝ የሚያሳየው ሌላው መረጃ ደግሞ ዓለም አቀፍ ነው። ድርጅቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በገጠር እንደሚኖር፣ ከሐኪሞች ግን ሩብ የማይሞሉት ብቻ ገጠር እንደሚሠሩ ገልጿል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሄድ ሐኪም የሚሄደው በርግጥም ወደሚፈለግበት ነው። ይህንን የምለው ወጣቶቹን በመሥዋዕትነት ስብከት ለማሸማቀቅ አይደለም። በሥራ የሚፈለግ ሰው በሥራ ይማራል፤ ነጥቤ እሱ ነው።

ሐኪሞቹ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉም ተጠንቷል። ካራ ሃንሰንና ዊልያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ሐኪሞችና ነርሶች ልዩ ልዩ የሥራ ዓይነቶች ቀርበውላቸው እንዲመርጡ አድርገው ውጤቱን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ባለው ሁኔታ ከዋና ከተማዋ ውጭ ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆኑት ሐኪሞች ከመቶ 7 ገደማ ነበሩ። ደመወዝ በእጥፍ ቢያድግ ከግማሽ በላይ ይሆናሉ፤ ጥሩ መኖሪያ ቤት ቢሰጥ ደግሞ ወደ 27 ከመቶ ከፍ ይላሉ። ቤቱ ብቻውን ከደመወዝ ላይ 46 ከመቶ ያህል ጭማሪ እንደማግኘት ነው ማለት ነው። ነርሶቹ ጋ ሲደርስ ከደመወዝ ቀጥሎ የበለጠ የሳባቸው የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላት ሆኖ ተገኘ። እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው ገንዘብ ዋጋ የለውም የሚል ትርጉም አይደለም፤ ገንዘብ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ጥናቱ በግልጽ ያሳያል። ነገር ግን የሚቆለፍ በር፣ የሚወርድ ውኃና የሚሠራ መሣሪያ ሰው በቦታው እንዲረጋ የማድረግ ከፍተኛ አቅም አላቸው። ስለዚህ ሥራ የሚፈልግ ወጣት እነዚህን ሲጠይቅ ምቾት ፈላጊ ተብሎ ሊታማ አይገባም፤ ይህ ሙያዊ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከመፈረም በፊት እንዴት ይታወቃል? የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ነገር የተሟላ ነው ሊላችሁ ይችላል፤ ሐኪም ማግኘት ይፈልጋልና አይፈረድበትም። ከእሱ በፊት ማነጋገር ያለባችሁ እዚያ አንድ ዓመት የሠራ፣ በተለይም ለቆ የሄደ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ዲዩቲ፣ ማለትም የተረኝነቱን ሥራ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትከፋፈሉት ብላችሁ ጠይቁት። አራት ወይም አምስት ሐኪም ተራ የሚጠብቅበትና ሁለት ሐኪም ሌሊቱን እያፈራረቀ የሚያድርበት ሆስፒታል በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ደረጃ ሊኖራቸው ይችላል፤ በሦስተኛው ወር ግን ሰውነትም ልብም ልዩነቱን ያውቁታል። የዲዩቲ ክፍያ በወሩ ይወጣል ወይስ ይከማቻል? ጠዋት ጠዋት የሌሊቱ በሽተኞች በሞርኒንግ (በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ቀርበው ይመከርባቸዋል ወይስ ተረኛው ካርዱን አስረክቦ ይሄዳል? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን ትልቅ ግምት እሰጣታለሁ፤ ሞርኒንግ የሌለው ሆስፒታል እርማት የሌለው ሆስፒታል ነው። ለኤክላምፕሲያ ማግኒዚየም ሰልፌት አላችሁ? ላቦራቶሪው የኩላሊትና የኤሌክትሮላይት ምርመራ ይሠራል? አምቡላንሱ ነዳጅ የሚሞላው ማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ስንት ጊዜ ቆዩ፣ ለምንስ ሄዱ? በሁለት ዓመት ውስጥ ሐኪሞቹ በየስድስት ወሩ የተቀያየሩበት ቦታ ከሆነ ችግሩ የሐኪሞቹ ስንፍና አይደለም። ከተቻለ ሂዱና ቦታውን በዓይናችሁ እዩ፤ ቀን ብቻ ሳይሆን አንድ ሌሊት ከተረኛው ጋር እደሩ።

ስለ ቋንቋም መነገር አለበት፤ ስለ ምደባ ሲወራ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሕክምና የሚጀምረው ከበሽተኛው ታሪክ ነው። የሆዱን ሕመም መቼ እንደጀመረው፣ ወዴት እንደሚሄድበት፣ ምን እንደሚያባብሰው በአስተርጓሚ የሚጠየቅ በሽተኛ የሚያፍርበትን ነገር አይናገርም፤ አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ሲሆንማ ጭራሽ ይደብቃል። አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ወጣት ሐኪም ያንን ቋንቋ በሚናገር ሕዝብ መካከል ሲሠራ ከማንኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ የማይተናነስ መሣሪያ ይዟል። ቋንቋውን የማያውቅ ደግሞ ለመማር ቆርጦ ካልሄደ አለመሄዱ ይሻላል እስከማለት እደርሳለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያም ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ገጠር የመሥራት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን መሠረት አድርጎ ትምህርት ቤቶች እነርሱን እንዲቀበሉ ይመክራል። ወደ ተወለዱበት አካባቢ መመለስ እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይ አይገባም፤ በሽተኛን መስማት ለሚሻ ሐኪም ጥሩ ጅምር ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ከባዱ፣ «ይህ ምክር ምርጫ ላለው ሰው ነው፤ እኛ ምን ምርጫ አለን?» የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት ተመራቂ ሐኪም ጤና ሚኒስቴር በሚያወጣው ዕጣ ወደ ክልል ይመደብ ነበር፤ ቦታ አይመርጥም፤ ሥራ ግን አያጣም። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የነባሮቹም ቅበላ ሰፋ፤ የተመራቂው ቁጥር ሲጨምር የክልሎች የቅጥር በጀት አብሮ አላደገም። እናም ለ10 ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባላት አገር ውስጥ ፈቃድ የያዙ ሐኪሞች ሥራ አጥተው የተቀመጡበት ጊዜ መጣ። ይህ የሐኪሞቹ ጥፋት አይደለም፤ ሊያሳፍረን የሚገባ የዕቅድ ጉድለት ነው። ቢሆንም ምርጫው ጠበበ ማለት መጠየቁ ቀረ ማለት አይደለም። ክልሉ ቢወሰንም ብዙ ጊዜ በዞንና በወረዳ መካከል የመምረጫ ቀዳዳ አለ። አንድ ቦታ ብቻ ቢገኝ እንኳ የጎደለውን አውቆ የሚገባ ሐኪም ከመፈረሙ በፊት ቤቱን፣ የዲዩቲ ክፍያውንና የተረኛውን ቁጥር አንስቶ መነጋገር ይችላል፤ ሳያውቅ የገባ ግን የሚያማርረው ከገባ በኋላ ነው። ከጓደኛ ጋር ተነጋግሮ ሁለት ሦስት ሆኖ ወደ አንድ ሆስፒታል ማመልከትም አንድ ዘዴ ነው፤ መንግሥት ያልላከውን ቡድን ወጣቶቹ ራሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የስፔሻሊቲ ነው። ከአዲስ አበባ የራቀ ሰው ከሬዚደንሲም ይርቃል የሚል ስጋት አለ። የሬዚደንሲ መግቢያው ፈተና አገር አቀፍ ነው፤ ጥያቄው ለሁሉም ያው ነው። ኢንተርኔት በሌለበትና ሁለት ሐኪም ብቻ ተራ በሚቀያየርበት ቦታ ለፈተና መዘጋጀት ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ዲዩቲ ስንት ሆናችሁ ትከፋፈላላችሁ የሚለው ጥያቄ እዚህም ላይ ይመለሳል። ግን ሌላም ነገር አለ። ምን መሆን እንደሚፈልግ ሳያውቅ የሚወዳደር ወጣት ብዙ ነው፤ ነጥቡ ያደረሰው ክፍል ይገባና ኋላ ይቆጨዋል። በሽተኛን ሁሉ ባየበት ሆስፒታል ሁለት ዓመት የሠራ ግን ሌሊት ለየትኛው በሽተኛ ሳይጠሩት እንደሚነሳ፣ የትኛው ሥራ እንደሚያሰለቸው ራሱን ያውቃል።

ሦስተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቤተሰቡን ማኖር ያልቻለ ሐኪም ሙሉ ልቡን ለበሽተኛ ሊሰጥ አይችልም። አዲስ አበባ ያለ የግል ክሊኒክ ከመንግሥት ሆስፒታል የተሻለ ሊከፍል ይችላል፤ ወላጆቹን የሚረዳ ልጅ ያንን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እንዲያሰላ የምጠይቀው ግን ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ተቀንሶ የሚተርፈውን ነው። በሆስፒታሉ ግቢ ቤት የተሰጠው ሐኪም በወሩ መጨረሻ የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት፤ ከዚያ ወስኑ። የግል ክሊኒኩም ቢሆን ያው ጥያቄ ይጠየቅበታል፤ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ሐኪም አብሯችሁ አለ ወይስ ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ?

በአንድ ጉዳይ ግን አልከራከርም፤ እሱም ደኅንነት ነው። በሰሜኑ ጦርነት በርካታ የጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ዛሬም ባለሙያ በሥጋት የሚሠራባቸው አካባቢዎች አሉ። ሕይወቱ ለአደጋ ወደሚጋለጥበት ቦታ አልሄድም ያለን ሐኪም ፈሪ የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ለሴት ሐኪሞች ደግሞ ሰላም ባለበትም ከተማ ጥያቄው አያበቃም። ሌሊት ስትጠራ ከቤቷ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ በጨለማ ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ ያ ሆስፒታል ለእሷ ዝግጁ አይደለም። መኖሪያ ቤቱ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሆኑ፣ የተረኛው ማደሪያ ከውስጥ የሚቆለፍና ለሴት የተለየ መሆኑ፣ ጥበቃው ሌሊት በቦታው መገኘቱ፣ አቤቱታ ሲቀርብ የሚሰማ ኃላፊ መኖሩ ከደመወዝ በፊት የሚጠየቁ ናቸው። ለሚስት ወይም ለባል ሥራ መገኘቱ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት መኖሩም እንዲሁ ነው፤ ባለትዳር ሐኪም ብቻውን አይኖርምና።

ወደ ውጭ ስለመሄድም ባጭሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተደረገ ቆጠራ ኢትዮጵያ ከተወለዱት ሐኪሞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩት በውጭ አገር ነበር። መሄድ መብት ነው። ነገር ግን ለመሄድ የሚዘጋጅ ወጣትም ፈተናውን እስኪያልፍና ወረቀቱ እስኪያልቅ የሚያሳልፋቸው ዓመታት አሉ፤ እነዚያን ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከሚጠብቅ በሚያስተምር ቦታ ቢያሳልፋቸው ለየትኛውም አገር የተሻለ ሐኪም ሆኖ ይሄዳል። የሄዳችሁት ሐኪሞችም በሥራ ቦታችሁ ካያችሁት የአሠራር ልምድ አንዱን፣ በተለይም ጀማሪን በስልክ የማማከር ልማድን፣ ለአንድ የአገር ቤት ሆስፒታል ብትሰጡት ትልቅ ውለታ ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው የወረዳና የዞን አስተዳዳሪዎችን፣ የሆስፒታል ቦርድ አባላትንም ነው። ሐኪም አልቆይ አለ ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ለሐኪሙ ያዘጋጃችሁለትን ቤት ሄዳችሁ እዩት፤ በሩ ይቆለፋል? ውኃ ይመጣል? የዲዩቲ ክፍያው ስንት ወር ተከማችቷል? ወላጆችም «አዲስ አበባ ካልሆነ» እያላችሁ ልጃችሁን አታስጨንቁት። እናንተ አዲሶቹ ሐኪሞች ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ልትሄዱበት ባሰባችሁት ሆስፒታል የሠራ አንድ ሐኪም ስልክ ፈልጉ፤ ደውሉና ሌሊት ሲቸግርህ ማንን ትጠራ ነበር ብላችሁ ጠይቁት። የሰው ስም ጠርቶ ከመለሰላችሁ ማመልከቻችሁን አስገቡ።